አራት ነጥብ ማጥፋት ብቻውን የኅሊና ፍሰት አይሆንም

ለዚህ ግድግዳ ሰሞኑን ከቀረቡልን አምስት አጫጭር ልብ ወለዶች አራቱን ለባለቤቶቻቸው መልሰናል። ቅር እንደተሰኙ ሰምተናል። አንዳንዶቹም «አዘጋጆቹ ዘመናዊ ጽሑፍ አይገባቸውም» እያሉ ምግብ አዳራሽ ውስጥ ሲያሙን ሰንብተዋል። ይሁን፤ ሐሜት ለግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጅ እንደ ሙጫ ነው፣ ከእጁ አይጠፋም። ይሁንና ጽሑፎቹን የመለስንበት ምክንያት ሠልጣኙንም መምህሩንም የሚመለከት መስሎ ስለታየን አቋማችንን እነሆ ለጥፈናል።

አራቱ ጽሑፎች የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው። አራት ነጥብ የላቸውም፤ ነጠላ ሰረዝም የላቸውም። ከላይ እስከ ታች «ጨለማ ትዝታ ዝናብ እናቴ ደም ዝምታ» ዓይነት የቃላት ክምር ነው። ምነው? ብለን ስንጠይቅ የሁሉም መልስ አንድ ሆነ፤ «የኅሊና ፍሰት ስልት ነው፤ ጆይስም እንዲህ ነው የጻፈው።»

ኧረ ለመሆኑ ጆይስ እንዲህ ነው የጻፈው? (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጄምስ ጆይስ «ዩሊሲስ»ን በ1922 ፓሪስ ላይ ከማሳተሙ በፊት ሰባት ዓመት ያህል ለፍቶበታል። ታሪኩ ደብሊን ከተማ ውስጥ በአንድ ቀን፣ በጁን 16 ቀን 1904 ተጀምሮ ሌሊቱን ያልቃል። እውነት ነው፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ሞሊ ብሉም አልጋዋ ላይ ሆና የምታስበው ሁሉ በስምንት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ተዘርግቷል፤ ሥርዓተ ነጥብም የለውም ማለት ይቻላል። የእኛ ጸሐፊዎች ያዩት ይህንን ነው። ያላዩት ግን አንባቢው እዚያ የሚደርሰው አሥራ ሰባት ምዕራፎች አልፎ መሆኑን ነው። ሞሊ አንዱን ሰው «እሱ» ብላ ስም ሳትጠራ ስታልፍ፣ የትኛው «እሱ» እንደሆነ አንባቢው በአብዛኛው የሚለየው ያንን ሁሉ መንገድ ስለተጓዘ ነው። የባሏ የሊዮፖልድ ብሉም ሐሳብ በሚፈስባቸው ምዕራፎችማ አራት ነጥቡ እንደ ጉድ ነው፤ አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ዓረፍተ ነገር። ደግሞም ይኸው ጆይስ ፓሪስ ተቀምጦ ደብሊን ለምትኖር አክስቱ ደብዳቤ ጽፏል፤ በኤክልስ መንገድ ቁጥር 7 ቤት ፊት ያለውን የብረት አጥር አንድ ተራ ሰው ተሻግሮ፣ ተንጠላጥሎ ሳይጎዳ መውረድ ይችል እንደሆነ እንድትነግረው ነበር። እንግዲህ ስለ አጥር ቁመት ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ነው እኛ ዘንድ የዝርክርክነት ምስክር ሆኖ የሚጠራው!

ቨርጂኒያ ዉልፍ ደግሞ በ1925 ባወጣችው «ሚስስ ዳሎዌይ» አራት ነጥቧን አልጣለችም፤ «እሷ» እያለችም በሦስተኛ መደብ ትተርካለች። እንዲህም ሆኖ ከአንዷ ልብ ወደ ሌላው ልብ ስትሻገር አንባቢው አይደናቀፍም። የለንደኑ ትልቅ ሰዓት ይደውላል፣ አንድ መኪና መንገድ ላይ ይቆማል፣ የተለያዩ ሰዎች ያንኑ ይሰማሉ፣ ያንኑ ያያሉ። የመሸጋገሪያው ድልድይ እሱ ነው።

ከሁሉም ይልቅ እኛን የሚያስገርመን የዊልያም ፎክነር ሥራ ነው። በ1929 በታተመው «ዘ ሳውንድ ኤንድ ዘ ፊዩሪ» የመጀመሪያው ክፍል ተናጋሪ ቤንጂ የሚባል የ33 ዓመት ሰው ነው፤ አእምሮው ግን እንደ ሕፃን ነው። በአጥር ቀዳዳ ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎችን ያያል። ሜዳው ቀድሞ የቤተ ሰቡ ነበር፤ ተሸጧል። ተጫዋቾቹ ዱላ ተሸካሚውን በእንግሊዝኛ «ካዲ» ብለው ይጠሩታል። ቤንጂ ማልቀስ ይጀምራል። የሚወዳት፣ ከቤት የወጣችው እኅቱ ስሟ ካዲ ነው። ምን አለፋችሁ፣ በአንዲት ቃል የስንት ዓመት ናፍቆት ተነሣ። ቃሉ የተቀመጠው በዕውቀት ነው። ፎክነር የጊዜው መዝለል እንዲለይለት በየቀለሙ እንዲታተም ተመኝቶ ነበር፤ ባይሆንለት ዘመም ባለ ፊደል ተወሰነ። አንባቢው እንዳይጠፋበት የሚጨነቅ ጸሐፊ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንመለስ። በእኛ እምነት አራቱ ጽሑፎች የወደቁት እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ አድራጊውን አስቀድሞ ግሡን ያስከትላል፤ ዓረፍተ ነገሩ መካከሉ ላይ ቢቆረጥ እንኳ ማን ምን እንዳደረገ ብዙውን ጊዜ ታውቋል። የአማርኛ ግሥ ግን የሚመጣው መጨረሻ ነው፤ አድራጊውንም በሆዱ ይዞ የሚመጣ እሱው ነው። «መንገድ ላይ የወደቀውን ቦርሳ ትናንት ማታ ለባለቤቱ...» ብለን ብንተወው፣ ማን? መለሰ ወይስ መለሰች? ወይስ ልትመልስ አስባ ተወችው? በሌላ በኩል ማሰሪያ አንቀጹ እስካለ ድረስ አራት ነጥቡን ብታጠፉትም ዓረፍተ ነገሩ ታስሯል። ስሙም ይኸው ማሰሪያ ነው። ስለዚህ አማርኛን ማፍሰስ የፈለገ ሰው ነጥብ ከሚያጠፋ ይልቅ ቦዝ አንቀጽን ቢያጠና ይሻለዋል፤ ሳያስር የሚያስኬድ እሱ ነውና።

ደግሞ «ብሎ» የምትባለውን ትንሽ ቃል ልብ በሉ። «ዝናብ ይመጣል ብላ ስጡን አስገባች» እንላለን። ለማን አለች? ለማንም። በልቧ ያለችውን ነው ቋንቋው በራሷ ቃል የሚነግረን። አያቶቻችን እሳት ዳር ሲያወሩ ይህን ሲሠሩበት ኖረዋል። ይህ ብቻውን የኅሊና ፍሰት ነው አላልንም፤ «ብላ» ሐሳቡን ካለቀ በኋላ ነው የምትቋጨው፣ ስልቱ ደግሞ ሳያልቅ ሊይዘው ይሻል። ግን መነሻ ቤታችን ውስጥ እያለ ለምን ከሩቅ እንጀምራለን?

ከመምህራኖቻችንም ጋር የምንነጋገረው አለን። «ይህ ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር መሥራት ይማሩ» የሚል አስተያየት በክፍል ውስጥ ሰምተናል። የኋለኛውን ግማሽ እንቀበላለን። የፊተኛውን ግን፣ በአክብሮት፣ አንቀበልም። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ይከብዳል ብለን ስንቶቻችን ነን ገና ከመጀመሪያው ገጽ የከደንነው? በተጨማሪም ይህ ሐሳብ ለመምህራን ባዕድ አይደለም። ሜይ ሲንክሌር የተባለች ጸሐፊ በ1918 የዶሮቲ ሪቻርድሰንን ልብ ወለዶች ለመግለጽ ከመጠቀሟ በፊት፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ጄምስ ጽፎበታል፤ መጀመሪያ በ1890 ባወጣው ትልቅ መጽሐፉ፣ ቀጥሎም ለመምህራን የሰጠውን ትምህርት ሰብስቦ በ1899 ባሳተመው። እዚያ ለመምህራኑ የነገራቸው ቁም ነገር የሰው ኅሊና መካከልና ዳር እንዳለው ነው። ምሳሌ ያደረገው እነሱኑ ነበር፤ የተናጋሪው ድምፅ መካከሉን ይዞ ሌላው ሐሳብ ዳር ሊቆም ይችላል፤ ወይም እሱ እየተናገረ ሳለ የሩቅ ነገር መጥቶ መካከሉን ሊይዘው ይችላል። የማስተማር ልምምድ የወጣን ሁላችን ያንን ዓይን እናውቀዋለን። ሰሌዳውን ያያል፣ ግን የለም። ያ ልጅ የት እንደሄደ ለመገመት መልመድ ቅንጦት ከሆነ፣ ለመምህር የሚያስፈልገው ምን ሊሆን ነው?

አምስተኛው ጽሑፍ በስተቀኝ ተለጥፏል። ደራሲው ሁለት ጊዜ መልሰንበት በሦስተኛው ነው ያለፈው። መጀመሪያ ያመጣው እንደ አራቱ ክምር ነበር፤ የአሁኑን ግን እዩት፤ «ጠመኔው ተሰብሮ፣ ላነሣ ጎንበስ ስል የሱሪዬ ጉልበት ላይ ያለው ጣፍ ታይቶኝ፣ እናቴ በፋኖስ ስትጥፈው መርፌው ጣቷን ወግቷት፣ ምንም አይደል ብላኝ፣ ልጆቹ ሳቁ እንዴ፣ ቀና ብዬ...» አራት ነጥብ እስከ አንቀጹ መጨረሻ የለም። ማንም ግን አይጠፋበትም።

የተመለሰባችሁ አራታችሁ እስከ ዓርብ አስተካክላችሁ ብታመጡ ቦታ ይዘንላችኋል። ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ግድግዳው አልሰፋም።