ካሜራ ያልደረሰባቸው የላስታ ቀናት

በመጋቢት 1928 ማብቂያ ማይጨው ላይ ድል የሆነው የኢትዮጵያ ጦር ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ፣ አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ከጣሊያን አውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ወረደበት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ እልቂት ተርፈው በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ አላቀኑም። ጠላት እየተከተላቸው ከመንገዳቸው ወጥተው ላስታ ውስጥ ወዳለችው ላሊበላ ገቡ፤ ሦስት ቀንም በጾምና በጸሎት ቆዩ። ሚያዝያ 22 አዲስ አበባ ደረሱ፣ በ24 ለስደት ወጡ፣ በ27 ጠላት ከተማዋን ያዘ።

እነዚያን ሦስት ቀናት የቀረፀ የለም።

ዓለም ንጉሠ ነገሥቱን በፊልም የሚያውቃቸው ሰኔ 23 ጄኔቫ ላይ ቆመው ሲናገሩ ነው። የጦር ሜዳውን ምስል በብዛት የያዘው ደግሞ ወራሪው ነው። ሉቼ የተባለው የፋሺስት መንግሥት የፊልም ተቋም ለምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ የራሱ ክፍል ነበረው። በእነዚያ ፊልሞች ወታደር መንገድ ሲጠርግ፣ ባንዲራ ሲሰቀል፣ መድፍ ሲጎተት ይታያል። ጋዙ ግን የለበትም፤ የጣሊያን መንግሥት እንኳ ነገሩን በይፋ ያመነው በ1988 ነው፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ። እንግዲህ የዛሬው ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ከሉቼ ክምችት ሲቀዳ (ብዙ ጊዜም ሌላ ምርጫ የለውም) ጦርነቱን የሚያሳየን ድል አድራጊ ነኝ ባዩ በቆመበት በኩል ሆኖ ነው።

መውጫው ግን ታይቷል። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ በ1999 እ.ኤ.አ. «አድዋ» የተባለውን ፊልም ሲሠሩ የውጊያው ተንቀሳቃሽ ምስል አልነበራቸውም። ስለዚህ የአዛውንቶችን ትረካ፣ ዜማውንና የአገር ሠዓሊዎችን ሥዕል አምጥተው አዋቀሩት። ከየት እንዳመጡት መገመት አይከብድም፤ አባታቸው ገሪማ ታፈረ ፀሐፌ ተውኔት ነበሩ፣ ስለ ጎንደር አርበኞችም ጽፈዋል። በዚህ መንገድ የተሠራ የላስታ ፊልም ቢኖር ከሉቼ ፍርፋሪ ይልቅ ብዙ ይናገር ነበር።

የሚናገረውም አያጣም። በ1929 ክረምት ላስታና ዋግ በጠላት ላይ ሲነሱ ከመሪዎቹ አንዱ የዋግሹሞች ዘር የሆኑት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ነበሩ። መስከረም 1930 ተገደሉ፤ ጠላትም አንገታቸውን አስቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አሳየው። ስማቸው ከስንት አዲስ አበቤ አፍ ይሰማል?

በዓሎቻችንም ቢሆኑ ለድል ያደላሉ። የካቲት 23 ምኒልክ አደባባይ፣ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ፣ አርበኛው ጎፈሩን ደፍቶ ጋሻውን አንግቦ ይወጣል፤ ይፎክራል፣ ይሸልላል። ደስ ይላል፣ ይገባልም። ሐዘን የያዘው አንድ የካቲት 12 ነው። ከማይጨው እስከ ድል ያሉት አምስት ዓመታት ግን በአብዛኛው ሽሽት፣ ረሃብና የጫካ ኑሮ ነበሩ፤ ይህ ክፍል ለፉከራ አይመችምና ይዘለላል። የላሊበላው ጸሎትም የተሸናፊ ንጉሥ ጸሎት በመሆኑ ሳይሆን አይቀርም ቦታ ያጣው።

ላሊበላ የመታሰቢያ ሥርዓት የሚያስተምራት አያስፈልጋትም። በገና በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው፣ ከተማዋ ትዝታን በድምፅና በአካል መሸከም እንደምታውቅበት ይረዳል። ጎብኚው ግን የ12ኛውንና የ13ኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ ሰምቶ ይወጣል፤ ዘጠና ዓመት ገደማ ወደኋላ ብቻ የሚርቀው ጉዳይ ብዙም አይነሳለትም። ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር ለማይጨውና ለአሸንጌ ሙታን አንድ ጸሎተ ፍትሐት፣ ለላስታና ለዋግ አርበኞች አንድ ጉባኤ ቢደረግ ወጪው ኢምንት ነው።

ፊልሙ ግን ቀጠሮ አይወድም። በ1928 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው በሕይወት ካለ መቶን ተጠግቷል። ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙት ልጆችም አርጅተዋል። የአካባቢው ዞን ባህልና ቱሪዝም፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን፣ ስልክ በኪሱ የያዘ የላስታ ወጣትም ጭምር፣ እነዚህን ሽማግሌዎች ዘንድሮ ቁጭ አድርጋችሁ ቅረፁ።