ድንገት ነገር ሁለት ሆኖ ሲታይ ወደ መነጽር ቤት አትሂዱ

ስለ ስትሮክ የሚነገረን ምክር ሁሌም አንድ ነው፤ አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወደ ሐኪም ሩጡ። ልክ ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። ደም ያጣው የአንጎል ግንድ ከሆነ አፍ ሳይጣመም፣ እጅም ሳይዝል ሊመጣ ይችላል። ሰውየው የሚለው «ሁሉም ነገር ሁለት ሆኖ ታየኝ»፣ «ምድር ዞረችብኝ» ነው።

ሁለቱን ዓይኖች አስማምተው የሚያንቀሳቅሱት መስመሮች የሚያልፉት በዚህች ትንሽ ቦታ ነው። መስመሩ ሲጎዳ፣ ለምሳሌ ወደ ግራ እይ ሲባል ግራ ዓይን ይሄዳል፤ ቀኙ ወደ አፍንጫ አልጠጋ ይላል። አንዱን ዓይን ሲከድኑት ሁለትነቱ ከጠፋ ችግሩ መነጽር የሚያስተካክለው አይደለም።

ግልገል በለስ ላይ ግን «መጋኛ ነው» ወይም «መነጽር ይገዛለት» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ዘመድን አልወቅስም፤ ማን ነገረው?

በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በታተመ፣ 101 ሕሙማንን ባካተተ ጥናት ሐኪሞች የዓይንን እንቅስቃሴ በማየት ብቻ የመጀመሪያው ኤምአርአይ ያመለጠውን ስትሮክ ለይተዋል። መርማሪዎቹ ስፔሻሊስቶች ነበሩ፤ ይህን አልደብቅም። ጣትን በዓይን ማስከተልና «ሁለት ይታይሃል?» ብሎ መጠየቅ ግን ማንኛውም ነርስ የሚችለው ነው።

«ብናውቅስ ምን እናመጣለን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ያውም ሲቲ ስካን ከታየ በኋላ ነው። ከዚህ ተነስቶ በቻግኒ በኩል ባሕር ዳር ደርሶ ያንን ማግኘት ዘበት ነው። አሶሳማ ከዓባይ ማዶ ናት። ነገር ግን የአንጎል ግንድ ሲጎዳ መዋጥም ይበላሻል። «ያበረታዋል» ተብሎ የተሰጠው ውሃ ወይም አጥሚት ሳንባ ገብቶ ሊገድል ይችላል። ፓዌ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ መዋጡ ሳይታይ ምንም አታጉርሱት፣ ይዛችሁት ሂዱ። እዚያ ግፊቱና ስኳሩ ይለካል፤ ሁለተኛው ምት እንዳይደገም የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። የዞኑ ጤና መምሪያ በትምህርታቸው ላይ ሁለት ቃል ይጨምር፦ ሚዛን እና ዓይን። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በጉሙዝኛም፣ በሺናሽኛም፣ በአገውኛም።