ኅዳርን ማጠን ብቻ አይበቃም

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ ጭስ የማይታይበት ሰፈር ጥቂት ነው። በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይከመርና እሳት ይለኮስበታል። ልጆች ዙሪያውን ይሯሯጣሉ፤ ትልልቆቹም ዓይናቸውን እያሹ «ኅዳር ሲታጠን» ይላሉ። ታዲያ አንድ ምሽት በመኝታ ክፍላችን «ለመሆኑ ኅዳር የሚታጠነው ለምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ «ለሚካኤል ነዋ!» አለኝ። ሁለተኛው «ትንኝ ለማባረር ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሲደረግ አይቼ ነው» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ነገ ልጆች ፊት ቆመን የምናስተምር ሰዎች ይህን አለማወቃችን አሳስቦኝ ነው ይህን አስተያየት በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለማቅረብ የተነሣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ዓለምን ሲፈጅ የነበረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታት። በውጭው ዓለም «የእስፓኝ ጉንፋን» ሲባል በእኛ አገር «የኅዳር በሽታ» ተባለ። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሰውንና ዕቃን ያቀረበው መንገድ በሽታንም ማቅረቡ አልቀረም። በዚያን ጊዜ የከተማይቱ ትልቁ ገበያ አራዳ ላይ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከየአገሩ የመጣ ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ የሚውልበት ስፍራ በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ምን ያህል እንደሚመች መናገር አያሻም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው እስከ 10,000 ይገመታል። ቀባሪ ጠፋ። ቤተሰቡ በሙሉ ተኝቶ ውሃ የሚያቀብል የታጣበት ቤት ብዙ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ በበሽታው ተይዘው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል።

በዚያን ጊዜ መንግሥት ምን ነበረው? በ1902 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የምኒልክ ሆስፒታልና በጣት የሚቆጠሩ የውጭ አገር ሐኪሞች ነበሩ። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሚባለው መሥሪያ ቤት እንኳ የተቋቋመው ከዚያ 30 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ በእጁ ያለውን መሣሪያ አነሣ፤ ጠረገ፣ አጠነ፣ ጸለየ። በዚህ ልንስቅ አይገባንም። ቆሻሻን መጥረግ ያን ጊዜም ዛሬም ትክክለኛ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ጭሱ ኢንፍሉዌንዛን ሊያቆም አይችልም ነበር፤ እንዲያውም ጭስ ለታመመ ሳንባ ጠላት ነው። ራስ ተፈሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤተ ሳይዳ ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ ይኸውም ዛሬ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ነው። እኛ ግን ከ100 ዓመት በላይ ጭሱን ስንወርስ ጥያቄውን ሳንወርስ ቀረን። ጥያቄው «ለሚመጣውስ ምን አዘጋጅተናል?» የሚል ነው።

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። ዝግጅት ማለት በሽታ በሌለበት ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው። በሽታው ከገባ በኋላ የሚደረገው ሩጫ ሩጫ እንጂ ዝግጅት አይባልም። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ይህን ስል አገራችን ዝግጅት አታውቅም ማለቴ አይደለም። ፈንጣጣን እናስታውስ። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት ዘመቻው የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። ክትባት ሰጪዎች መኪና በማይገባበት በእግርና በበቅሎ ተጉዘዋል። ያሸነፉት በመርፌ ብቻ አልነበረም፤ በመጠየቅም ጭምር ነው። በዚያ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሠራተኞቹ የበሽተኛ ሥዕል ያለበት ካርድ ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችሁ አለ ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ልጅ አይዋሽም፤ የጎረቤቱን ሁሉ ያውቃል። በሽተኛው ሲገኝ በዙሪያው ያለው ሰው ይከተባል። በመካከሉ አብዮት መጣ፣ መንግሥት ተለወጠ፤ ሥራው ግን አልተቋረጠም። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የመጨረሻው በሽተኛ በኦጋዴን በኩል ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ በፈንጣጣ የታመመ ሰው የለም። ያን ጊዜም ድሆች ነበርን።

አሁን ደግሞ ሁላችንም ወደምናስታውሰው እንምጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ አዲስ አበባ ውስጥ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሚሊኒየም አዳራሽ ሆስፒታል ሆነ። ፒያሳ ላይ በየባንኩ፣ በየካፌው፣ በየሱቁ በር ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ቆመ። እጁን ሳይታጠብ የሚገባ ሰው አልነበረም። ለ8335 ያልደወለ ቢኖር እንኳ ቁጥሩን በቃሉ ያልያዘ አልነበረም። ያም ሆኖ በበሽታው መሞቱ የተመዘገበው ሰው ብቻ ከ7,500 በላይ ነው።

ዛሬስ? ባልዲው የት አለ? በብዙ ቦታ ባልዲው ተነሥቷል፤ ባልተነሣበትም ውሃ የለውም። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ እሱም ላቦራቶሪው ነው። ኮሮና በዓለም ላይ በተሰማበት ሰሞን የሚጠረጠር ሰው ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ምርመራውን እዚሁ ጀመረ፤ ከዚያም ምርመራው ወደየክልሉ ተስፋፋ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ከዚህ ቀደም በአገራችን ታይቶ የማያውቅ የማርበርግ በሽታ ሲነሣ የበሽታው ማንነት የተረጋገጠው በዚሁ ተቋም ነው። በጥር ወርም ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ። ልብ በሉ፤ እንደገና ኅዳር ነበር! ነገር ግን የ1911ዱ ኅዳርና የ2018ቱ ኅዳር አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ያመጣው በሰላሙ ጊዜ ያልፈረሰው ነገር ነው። በድንጋጤ የቆመው ባልዲ ድንጋጤው ሲያልፍ ሄደ። ተቋም የሆነው ግን ቆየ።

አሁን ራሴን የሚመለከት ነገር ልናገር። ለማስተማር ልምምድ የሄድኩበትን ትምህርት ቤት ስም አልጠቅስም። የተመደብኩት ሦስተኛ ክፍል ነበር። ሰኞ ስም ስጠራ አራት ልጆች ቀሩ። ማክሰኞ ዘጠኝ ሆኑ። ረቡዕ 13። እኔ በአቴንዳንሱ ላይ «ቀ» እያልኩ ምልክት አደረግሁ፤ ደብተሩን ዘጋሁ፤ ማባዛት ማስተማር ቀጠልኩ። ሐሙስ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡና «መምህር፣ ሆዱን አሞት ነው የቀረው። የእኛ ግቢ ልጆችማ በሙሉ ተኝተዋል» አሉኝ። ጤና ጣቢያው ከትምህርት ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ለሦስት ቀን ማንም አልነገረውም። ለማን ማለት እንዳለብኝም የነገረኝ ሰው አልነበረም። የመታጠቢያው ቧንቧ ደረቅ ነበር፤ እኔም ደረቅ መሆኑን እያየሁ አልፌ ነበር። ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ዳኑ። ግን ኮሌራ ቢሆንስ ኖሮ? ኮሌራ እኮ ሦስት ቀን አይጠብቅም፤ በሰዓታት ውስጥ የልጅን ውሃ ጨርሶ ይገድላል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አቴንዳንሱን በሌላ ዓይን አየዋለሁ። በአንድ ሰፈር በሽታ መግባቱን ከጤና ጣቢያው ቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው ስም የሚጠራው አስተማሪ ነው። ጤና ጣቢያ የሚያውቀው የመጣለትን በሽተኛ ነው፤ አስተማሪ ግን ያልመጣውን ያውቃል። ይህ በተለይ ለእኛ ለአራዳ ልጆች ጉዳይ ነው። ድሮ በፒያሳ ጀርባ ባሉት ሰፈሮች ጎረቤት የጎረቤቱን ሳል በግድግዳ ይሰማ ነበር። አንድ ሰው ሁለት ቀን ካልታየ ዕድርተኛው በር ያንኳኳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወረ። ቤቱ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቱም አዲስ ስለሆነ የሚጠያየቀው ገና ነው። በእንደዚህ ያለ ሰፈር ልጆቹ ሁሉ በየቀኑ የሚቆጠሩበት አንድ ቦታ ቢኖር ትምህርት ቤት ነው።

«እኛ ድሃ አገር ነን፤ መንግሥት ስንቱን ይችላል?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ቢሆንም ሙሉ መልስ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለማዋል ቃል ገብተዋል፤ አገራችንም አንዷ ነበረች። እስካሁን አልደረስንበትም። ክፍተቱን የሞላልን አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ዕርዳታ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታውን ሲያግድ ግን በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አያኖረንም» ብለው በየቦታው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። በሰው እጅ ላይ ያለ ዝግጅት እጁ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። የራበው ነርስም ለወረርሽኝ ተዘጋጅቷል ሊባል አይችልም። መንግሥት ለአዳራሽና ለመንገድ የሚያስበውን ያህል ለዚህ ሊያስብ ይገባል፤ ይህን ማለት ነቀፋ ሳይሆን ምክር ነው።

ደግሞም ርካሽ የሆነ ዝግጅት አለ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ምስክሬ ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የገጠር ልጃገረዶች፣ ከእኛ የማይበልጡ ማለት ነው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። ትልቅ ሕንፃ አልተሠራላቸውም። ቤት ለቤት እየዞሩ ክትባትን፣ መጸዳጃ ቤትን፣ የእናቶችን ጤንነት ጉዳይ አስተማሩ። እነርሱ ያን ከሠሩ እኛ ቁጥር መናገር ያቅተናል?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በተቋማችን ውስጥ ለልምምድ ከመውጣታችን በፊት ቢያንስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ስለዚሁ ጉዳይ ትምህርት ይሰጠን፤ ከአቅራቢያችን ጤና ጣቢያ አንድ ባለሙያ ቢጋበዝ ወጪ የለውም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ደንብ ይኑረው። በአንድ ክፍል ከልማዱ በላይ ብዙ ልጅ ሲቀር አስተማሪው በዚያው ቀን ለርእሰ መምህሩ፣ ርእሰ መምህሩም ለጤና ጣቢያው ያስታውቁ። ይህን ማዘዝ የትምህርት ቢሮና የጤና ቢሮ ሥራ ነው፤ አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ ውሃ። ቧንቧ የሌለው ወይም ቧንቧው የደረቀ ትምህርት ቤት ስለ እጅ መታጠብ ቢያስተምር ልጆቹ የሚማሩት ውሸትን ነው። ይህን ደግሞ መንግሥት እንጂ አስተማሪ በኪሱ ሊሞላው አይችልም፤ እኛ ግን ደረቅ መሆኑን በጽሑፍ ልናመለክት እንችላለን። ዝም ብሎ ማለፍ፣ እኔ እንዳለፍኩት፣ ይቅር።

መምህራኖቻችንም ቢሆኑ በዚህ ላይ የተሻለ ሐሳብ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን ደስ ይለናል። ተሳስቼም ከሆነ አርሙኝ፤ ገና ተማሪ ነኝ።

በመጪው ኅዳር 12 ቀንም ቆሻሻውን እንጥረግ። ሚካኤልንም የሚዘክር ይዘክር። ከዚያ በኋላ ግን በየክፍላችን ስለ 1911 ዓ.ም. ለልጆቹ እንንገራቸው፤ ስም ስንጠራም ያልመጣው ልጅ ለምን እንዳልመጣ እንጠይቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና።