ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባል ከተማ የት ነው ያለው?

ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ቆማችሁ አንዱን የጀጎል ልጅ ወደ ቡዳ በር የሚያደርሰውን አጭር መንገድ ጠይቁት። ሳያስብ እጁን ዘርግቶ ያሳያችኋል። “በዚያኛው እንዳትገቡ፣ ቅርብ ይመስላል እንጂ ያዞራችኋል” ብሎም ያስጠነቅቃችኋል። ያው ልጅ አድጎ ኮምፒውተር ሳይንስ ሲማር “የዳይክስትራን አልጎሪዝም አብራራ” የሚል ፈተና ይመጣበታል። ላብ ያጠምቀዋል።

ጥያቄያችን ይቺ ናት፤ በእግሩ የሚያውቀውን ነገር ወረቀት ላይ ያጠፋበት ማን ነው?

መልሱን አናድበሰብስም። ያጠፋበት የማስተማሪያው መንገድ ነው። እኛም አልፈንበታል። መምህሩ ስላይድ ይከፍታል፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባሉ ክቦች ይመጣሉ፣ ቀስቶች ይሰመራሉ፣ ስላይዱ ያልፋል። እኛ ሃንድአውቱን ፎቶ ኮፒ አድርገን እንሸመድዳለን። ፈተና ላይ ኮዱን ከነነጠላ ሰረዙ እንዘረግፋለን። አንድ ቁጥር ተቀይሮ ከመጣ ግን ጉድ ፈላ! ጥሩ ውጤት ያመጣነውም ጭምር ማለታችን ነው።

ይህን ስንል የሚቆጡን አሉ። “አልጎሪዝም የአእምሮ ሥራ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል የልጆች ጨዋታ ነው” ይሉናል። ዳይክስትራ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ካፌ ቁጭ ብሎ፣ ያለ እርሳስና ወረቀት፣ በ20 ደቂቃ ገደማ አይደል ያገኘው? ልክ ነው። ግን ታሪኩን ለምን ግማሹ ላይ ታቆሙታላችሁ? ሰውየው ችግሩን የመረጠው አዲስ ኮምፒውተር ሲመረቅ ለሕዝብ የሚታይ ነገር ፈልጎ ነበር። ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው እንዲገባው ብሎም የገዛ አገሩን ካርታ ወሰደ፤ 64 የሆላንድ ከተሞች። ሊቁ ለወገኖቹ የሚያውቋቸውን ከተሞች ሰጣቸው። እኛ ለጀጎል ልጅ ኤ እና ቢን እንሰጠዋለን። ኤ የሚባል ከተማ ደርሶ የመጣ አለ?

እስቲ የተማሪውን ስህተት እንየው። አብዛኛው የሚሳሳተው አሁን ከቆመበት ቦታ ቅርብ የሆነውን ቅያስ መርጦ በመሄዱ ነው። አልጎሪዝሙ የሚለው ሌላ ነው። ከመነሻው፣ ከፈረስ መጋላ፣ በድምሩ የቀረበውን ቦታ ያዝ። ከዚያ ጎረቤቶቹን ለካ። አጭር ካገኘህ የድሮውን ቁጥር ሰርዘህ አዲሱን ጻፍ። ይህን ልዩነት በቃላት መቶ ጊዜ ብትነግሩት አይገባውም። ቁጥሮቹ ዓይኑ ሥር ሲቀየሩ፣ የመረጠው ቅያስ ሲያዞረው ካየ ግን አይረሳውም።

ዓለም ይህን ካወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የወጣ የ30 ደቂቃ ፊልም ዘጠኝ የድርደራ አልጎሪዝሞችን አወዳድሮ አሳየ። በ2011 ደግሞ ሲንጋፖር ውስጥ ቪዙአልጎ የተባለው ድረ ገጽ ተጀመረ። ተማሪው የራሱን ቁጥር ያስገባል፣ ያስቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ አንድ እርምጃ ያራምዳል።

ለወገናችንም አናዳላም። “ቪዲዮ አይተን ገባን” የምትሉ ጓደኞቻችን ራሳችሁን አታታልሉ። በ2002 ሦስት ተመራማሪዎች 24 ሙከራዎችን መርምረው የደረሱበት ነገር ለእናንተ አይመችም። ትልቁ ልዩነት የመጣው ተማሪው ካየው ሥዕል ሳይሆን በሥዕሉ ካደረገው ነገር ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ መውረድ ይበቃል። መንገዱ መኪና ግርግር የተባለው በስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እዚያ ቆሞ በማየት ብቻ ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው አናውቅም። መርፌው ጣቱን የወጋው ነው የሚሰፋው። እናንተም “ቀጥል” የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ቀጥሎ የሚሆነውን ገምቱ። ስትሳሳቱ ያኔ መማር ጀመራችሁ።

“መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ የለም፣ ኮምፒውተሩ ለአምስት አንድ ነው” ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ አንክድም። ግን አሥር የወረቀት ካርድ ምን መብራት ይፈልጋል? ኒውዚላንድ ውስጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኮምፒውተር ሳይንስን ያለ ኮምፒውተር፣ በካርድና በጨዋታ የሚያስተምሩ አሉ። በአሥሩ ካርድ ላይ ቁጥር ጻፉና ተማሪው ጎን ለጎን እያወዳደረ በበብል ሶርት ይደርድር። እስከ 45 ማወዳደር ይደርሳል፣ እጁም ይደክማል። በዚያች ሰዓት ካርዱ 1,000 ቢሆን እስከ 499,500 እንደሚደርስ፣ በመርጅ ሶርት ግን ከ10,000 በታች እንደሚያልቅ ንገሩት። እጁ የደከመ ተማሪ መርጅ ሶርት ለምን እንደተፈጠረ አይጠይቃችሁም።

ጉዳዩ የጨዋታ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ከዚያም ቀጣሪው ሃንድአውቱ ላይ የሌለ ችግር ያቀርብለታል። ዓመታት የሸመደደ ልጅ በአንድ ጥያቄ ሲወድቅ ሰነፍ የምንለው እሱን ብቻ ነው። እኛ ይህ ግፍ ነው እንላለን።

ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራን፣ ልመናችን አጭር ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ኤ፣ ቢ፣ ሲን አጥፉልን። በቦታቸው ፈረስ መጋላ፣ ሸዋ በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ጠመኔውን ለተማሪው ስጡትና “ቀጥሎ የት?” ብላችሁ ዝም በሉ።

መንገዱን እኮ ያውቀዋል።