ሞተሩ ሳይገዛ መጫኛው ይታሰብ

ከአዲስ አበባ መርካቶ፣ ከሱማሌ ተራ፣ ያገለገለ የጭነት መኪና ሞተር ገዝቶ ወደ ሮቤ ወይም ወደ ጎባ የሚያስመጣ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ በዋጋው ላይ አጥብቆ ይከራከራል፤ የማጓጓዣውን ነገር ግን ለመጨረሻ ሰዓት ይተወዋል። ይህ ልማድ የሚበጅ አይደለም። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሞተርም እንደ ጨርቅ ጥቅል በተገኘው ጭነት ላይ የሚጣል ዕቃ አይደለም።

ዘይቱ ሳይንጠፈጠፍ፣ ቀዳዳዎቹ ሳይደፈኑ፣ በእንጨት አልጋ ላይ ሳይታሰር የተጫነ ሞተር በዳገትና በቁልቁለት ሲንገላታ የዘይት ቋቱ ይሰነጠቃል፤ ዘይቱም የሌላውን ሰው ዕቃ ያበላሻል። ያን ጊዜ ሻጩ በሹፌሩ፣ ሹፌሩም በጫኞቹ ያመካኛል። ገዢው ግን በስንዴ አጨዳ ወራት መኪናው ቆሞበት ይከስራል።

ስለ ዕቃ ማጓጓዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 547 በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። ስለዚህ የሞተሩ ቁጥር፣ ክብደቱ፣ ሲጫን የነበረበት ሁኔታ፣ የጫኝና አውራጅ ሒሳብም የማን እንደሆነ በጭነት ሰነዱ ላይ ይጻፍ። መጻፍ ጊዜ ያጠፋል የሚሉ አይጠፉም፤ ነገር ግን በጽሑፍ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት በክርክር ከሚጠፋው ወር ይሻላል።

የሮቤና የጎባ ባለሱቆችም የሚራራቁት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነውና፣ ጭነታቸውን አስተባብረው የባሌን ስንዴ አራግፎ በሚመለስ መኪና ቢያስመጡ ኪራዩ ይቀልላቸዋል። በርካሽ ተገዝቶ ተሰብሮ የደረሰ ሞተር ከሁሉ የከበደ ዋጋ ያስከፍላል።