የስኳር በሽታ፥ ከባድ ብረትና የጓዳችን ዕፀዋት

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ጊንጪን በገበያ ቀን የጎበኘ ሰው፥ አብሽ፥ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ከእህሉ ጎን ተዘርግተው ያያል። ለምግብም ለመድኃኒትም የምናውቃቸው እነዚህ ዕፀዋት ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይመረመራሉ፤ ይኸውም የስኳር ሕመምተኛን ከእርሳስና ከካድሚየም፥ እነዚህን ከመሳሰሉትም ከባድ ብረቶች ጉዳት ይከላከሉ እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ኩላሊትን ማሰብ ይገባል። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ከጊዜ ብዛት የኩላሊትን ረቂቅ የደም ሥሮች ይጎዳል። ካድሚየምም በተለይ የሚከማቸው በዚያው በኩላሊት ሲሆን፥ ግማሹ እንኳ እስኪወጣ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ሁለቱ ጠላቶች አንዱን አካል በአንድነት ይወጉታል ማለት ነው።

ብረቱስ ከየት ይመጣል? በፎስፌት ማዳበሪያ ውስጥ ጥቂት ካድሚየም ይገኛል፤ በመኪና ባትሪና በአንዳንድ ቀለም ውስጥ እርሳስ አለ። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ የሚነሣው አዋሽ፥ ወደ ታች ሲወርድ የአዲስ አበባን የፋብሪካ ፍሳሽ የተሸከመውን አቃቂን ይቀበላል፤ በአቃቂ ውኃ በለማ አትክልትም ላይ ተመራማሪዎች እነዚህን ብረቶች አግኝተዋል።

የስኳር በሽታ እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ በተካሄዱ ልዩ ልዩ ሙከራዎች፥ ከብረቱ ጋር የዕፀዋት ጭማቂ የተሰጣቸው ብረቱን ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ጉበታቸውና ኩላሊታቸው አነስ ያለ ጉዳት እንደደረሰበት ታይቷል። በሰው በኩልም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በታተመ ጥናት፥ በኢራን 117 የባትሪ ፋብሪካ ሠራተኞች ተመርምረው፥ ነጭ ሽንኩርት በደማቸው የነበረውን እርሳስ ፔኒሲላሚን ከተባለው መድኃኒት ባልተናነሰ ሁኔታ ቀንሶታል።

ዳሩ ግን አይጥ ሰው አይደለም፤ ሠራተኞቹም የተመረመሩት ስለ እርሳስ እንጂ ስለ ስኳር በሽታ አልነበረም። ከዚህም በላይ ቅጠሉ ራሱ ብረት ሊሸከም ይችላል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 በታተመ ጥናት፥ በቦስተን አካባቢ ከተገዙ 70 የደቡብ እስያ ባህላዊ መድኃኒቶች በ14ቱ እርሳስ፥ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። አብሽም ስኳርን ስለሚቀንስ፥ ሐኪም ሳያውቅ ከመድኃኒት ጋር ቢደረብ ስኳሩን ከመጠን በታች ሊያወርደው ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን በቅጠል ተማምኖ ኢንሱሊን መተው ነው፤ ይህ ሕይወት ያሳጣል።

ይህን ስንል የአባቶቻችንን ዕውቀት ለማናናቅ አይደለም። በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን መነሻው ጋሌጋ የተባለ ተክል ነው፤ በፈረንሳይ ለሕሙማን መሰጠቱ የተነገረው በ1957 (እ.አ.አ.) ነበር። በአገራችንም ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.አ.አ.) በዓድዋ፥ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባዩ ጊዜ፥ በማየት ብቻ አልረኩም፤ መረመሩ፥ መጠኑንም ለኩ።

ለተማሪዎቻችንና ለወጣት ሹማምንቶቻችን የቀረው ሥራም ይኸው ነው። ተማሪው ቅጠሉን ከማመስገኑ በፊት ይመዝነው፤ ሹሙ አፈሩንና የመስኖውን ውኃ ያስመርምር። ብረቱን ከኩላሊት ለማውጣት ከመድከም፥ መጀመሪያውኑ ወደ ማዕድ እንዳይደርስ መከልከል ይቀላልና።