ማሽኑ ይርጋጨፌን አያውቅም

ቦሌ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ የሚሠራ ሰው ይሄን ሐሳብ አንዴ ሳይሰማ አይቀርም፦ ቡናውን ላብራቶሪ እንላክ፣ ውጤቱን ለኤአይ እንስጥ፣ ከዚያ አፑ «ይሄ እውነተኛ ይርጋጨፌ ነው፣ ያኛው ግን የውሸት» ይበለን። ሲያወሩት ያምራል፤ ገንዘብ ላለው ሰው ለማቅረብም ይመቻል። እኔም በኮድ የማድር ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ለሙያ ጓደኞቼ በግልጽ ልናገር፦ አሁን ባለበት ሁኔታ ይሄ ነገር ባዶ ተስፋ መሸጥ ነው።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ስሙ ገንዘብ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ በስምምነት ያለቀው በ2007 ነው። በዚያ ስም የሌላ ቦታ ቡና የሚሸጥ ሰው ገበሬውን ይሰርቃል። የገበሬውን እውነተኛ ቡና «ውሸት» የሚል አፕስ? እሱም ያው ነው።

ከሐሳቡ በስተጀርባ ያለው ሳይንስ ሜታቦሎሚክስ ይባላል። አንድ ነገር ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ሞለኪውሎች በአንድ ጊዜ፣ የቻለውን ያህል ይለካል፤ ቡና ላይ ከሆነ ካፌይኑን፣ ትራይጎኔሊኑን፣ ክሎሮጀኒክ አሲዶቹን፣ ስኳሩን። ሁለቱ ዋና መሣሪያዎች ጠባያቸው ለየቅል ነው። ኤን.ኤም.አር ታማኝ ነው፦ የዛሬውን ልኬት ከከርሞው፣ የእኛን ከሌላ አገር ላብራቶሪ ማነጻጸር ይቻላል። ግን ውድ ነው፤ በጣም በጥቂቱ ያለውን ሞለኪውልም አያይም። ማስ ስፔክትሮሜትር ደግሞ ዓይኑ የሰላ ነው፤ ቅንጣቷን ይይዛል። ችግሩ ጠባዩ ተለዋዋጭ ነው። ጠዋት የለካውንና ማታ የለካውን እኩል አያነብም፤ አንዱ ሞለኪውል የሌላውን ምልክት ያፍናል፤ ከሚያወጣቸው ሺህ ምልክቶች ብዙዎቹ ስም የላቸውም።

ለዚህ ነው ጠንቃቃ ላብራቶሪ ከሁሉም ናሙና ቀንጭቦ የቀላቀለውን አንድ ድብልቅ በየመሀሉ እየደጋገመ የሚለካው። ድብልቁ ያው ሆኖ ንባቡ ከተቀየረ፣ የተቀየረው ማሽኑ ነው ማለት ነው። የሐረሩን ቡና ሁሉ ሰኞ፣ የይርጋጨፌውን ሐሙስ ለክታችሁ ለሞዴል ብትሰጡት፣ ሞዴሉ ሰኞንና ሐሙስን በሚገባ ይለያል። እናንተም «95 በመቶ ትክክል» ብላችሁ ስላይድ ላይ ትለጥፋላችሁ።

ሌላው ጉድ የቁጥሩ ነው። 60 ናሙና፣ 3000 ምልክት። እዚህ መስክ ላይ የሚወደደው ፒ.ኤል.ኤስ-ዲ.ኤ የሚባለው ዘዴ እንዲህ ያለ ዳታ ሲያገኝ ምንም ነገር ከምንም ነገር ይለያል። እስቲ ሞክሩት፦ የቦታ ስሞቹን በዘፈቀደ ቀያይሯቸው፤ ሁለቱ ባለቀለም ደመናዎች አሁንም ተለያይተው ቁጭ ይላሉ። ከአንድ ገበሬ ጆንያ የወጣውን ቡና ግማሹን ለማሠልጠኛ፣ ግማሹን ለመፈተኛ ማድረግማ ተማሪን በመልሱ መፈተን ነው።

ደግሞስ ማሽኑ ይርጋጨፌን በምን ይወቀው? 74110 የሚባለው ዝርያ ኢሉባቦር መቱ አካባቢ ተገኝቶ፣ በጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመርጦ የወጣ ነው፤ ዛሬ ጌዴኦና ሲዳማ ውስጥ በሰፊው ተተክሏል። የቡናው ኬሚስትሪ እንደ ከፍታው፣ እንደ ዝናቡ፣ ታጥቦ ይሁን በጀንፈል መድረቁ፣ መጋዘን እንደቆየበት ጊዜ ይለዋወጣል። የታጠበ ይርጋጨፌንና ያልታጠበ ሐረርን የለየ ሞዴል ምናልባት የለየው አጠባውን ነው። ሲቆላ ደግሞ ትራይጎኔሊኑም ክሎሮጀኒክ አሲዱም ስለሚፈርስ፣ በጥሬ ቡና የሠለጠነው ሞዴል ለተቆላው አይሠራም።

ዘዴው ከንቱ ነው አላልኩም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ከተለያዩ አካባቢዎች የመጣ ጥሬ ቡናችንን በፌኖልና በአልካሎይድ ይዘቱ መመደብ እንደሚቻል አሳይተዋል። አረቢካ ውስጥ ሮቡስታ መቀላቀሉን ለማወቅም ኤን.ኤም.አር ጥሩ መሣሪያ ነው። እዚያም ቢሆን ግን ለዓመታት «ሮቡስታ ውስጥ ብቻ ነው ያለው» ሲባል የኖረው ሞለኪውል፣ የመለኪያው ዓይን ሲሰላ፣ በትንሹ አረቢካ ውስጥም ተገኘ። 2018 ላይ ነው ይሄ የታተመው። ያኔ «ካለ ሮቡስታ ተቀላቅሏል» የሚል ቀላል ኮድ የጻፈ ሰው ንጹሕ አረቢካ የሚሸጠውን ሰው በማጭበርበር ይከሰው ነበር።

የጎደለን ማመሳከሪያ ነው፤ አልጎሪዝምማ ሞልቷል። ከየወረዳው፣ ለተከታታይ ዓመታት፣ የታጠበም ያልታጠበም፣ ሲለቀም በዓይኑ ያየ ሰው የፈረመበት ጥሬ ቡና በሥርዓት የተቀመጠበት ክምችት። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የደን ሕግ ምክንያት የየማሳው ጂፒኤስ ለላኪዎች እየተሰበሰበ ነው። ታዲያ እዚያው ማሳ የሄደው ሰው ግማሽ ኪሎ ቡና በተገቢው ዋጋ ገዝቶ፣ ዝርያውንና ቀኑን ጽፎበት ቢመለስ ምን ይከብዳል? ኤአይ ለሚለው ግን ስላይድ ይዞ የሚመጣ ሰው በየሳምንቱ አለ፤ ለግማሽ ኪሎዋ እስካሁን አንድም አልመጣም።